ከጋለ ብረት እስከ ኤሌክትሪክ ቢላዋ፦ በእሳት የማከም ታሪክ

(ከሬዲዮ ዝግጅታችን ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የቀረበ)

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ አንድ ወንድማችን የላከልን ደብዳቤ ነው። ጉዳዩ የእናቱ ነው። እናቱ በልጅነታቸው አንገታቸው ሥር ባበጠ ጊዜ በጋለ ብረት ተተኩሰዋል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ያን ቀን ይዘዋቸው የነበሩትን አራት ሰዎች አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርተው ይቆጥራሉ። እኚህ እናት በቅርቡ በልጃቸው ውትወታ ተመርምረው የማሕፀናቸው በር ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል የታመመ ሥጋ ተገኘባቸው። ሐኪሟም “አትስጉ፤ በጊዜ ነው የተገኘው። በኤሌክትሪክ እናነሳዋለን” አሏቸው። እናት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ለልጃቸው የሰጡት መልስ ይህ ነበር፦ “በእሳት መታከምን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። አንድ ጊዜ ሳላውቅ ተተኩሻለሁ፤ አውቄ አልደግመውም።”

ወንድማችን “ምን ልበላት?” ሲል ይጠይቀናል። ጥያቄው ሁለት ነገሮችን አብሮ የያዘ ነው። አንዱ የዲን ጥያቄ ነው። ሌላው ደግሞ በልጅነት ከተቀመጠ ሕመም የመጣ ፍርሃት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ሰው እሳትን ለሕክምና መጠቀም ከጀመረበት አንስቶ ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከሚሠራበት የኤሌክትሪክ ቢላዋ ድረስ ያለውን ጉዞ አብረን እንመልከት። መልሱ ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን

በጋለ ብረት መተኮስ ዐረቦች “ከይ” ይሉታል። ከእስልምና በፊት ጀምሮ የታወቀ ሕክምና ነበር። ሰውም ግመልም ይተኮስ ነበር። ያኔ ደም የሚያቆም መድኃኒት የለም፤ መርፌና ማደንዘዣም የለም። የተቆረጠ የደም ሥር አልቆም ሲል ያለው አማራጭ እሳት ነው። በዐረቦች ዘንድ “የመድኃኒት ሁሉ መጨረሻ መተኮስ ነው” የሚለው አባባልም ከዚህ የመጣ ነው። በአገራችንም በብዙ አካባቢዎች፣ በተለይ በቆላማው አርብቶ አደር ዘንድ፣ ሰውንም ከብትንም መተኮስ የቆየ ልማድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በኡሑድ ዘመቻ፣ በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸው በቆሰለ ጊዜ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ውሃ እያፈሰሱ፣ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ቁስሉን አጠቡ። ደሙ ግን በውሃው እየባሰ ሄደ። በዚህ ጊዜ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ቁራጭ ሰሌን አቃጥለው አመዱን ቁስሉ ላይ አደረጉ፤ ደሙም ቆመ። ይህ በሶሒሕ ሐዲስ የተዘገበ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ፣ ታላቁ የአንሷር መሪ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ክንዳቸው ላይ ያለውን የደም ሥር ቀስት መታቸው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በእጃቸው በቀስት ጫፍ ቁስሉን ተኮሱላቸው። ባበጠም ጊዜ ደገሙት። እንዲሁም ወደ ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ.) ሐኪም ልከው፣ ሐኪሙ የደም ሥር ቆርጦ ከዚያ እንደተኮሰው ተዘግቧል።

በሌላ በኩል ደግሞ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈውስ የሚገኝባቸውን ሦስት ነገሮች ሲጠቅሱ ማርን፣ ዋግምትንና በእሳት መተኮስን አንስተው፣ ኡመታቸውን ከመተኮስ እንደሚከለክሉ ተናግረዋል። እናታችን የሰሙት ይህንን ነው፤ የሰሙትም ትክክል ነው። ነገር ግን ሐዲሱ ብቻውን አይደለም። ዑለማኦች፣ ከእነርሱም ኢብኑል ቀይዪም፣ እነዚህን ዘገባዎች በአንድነት መርምረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድርጊቱን መፈጸማቸው የተፈቀደ መሆኑን ያሳያል። አለመውደዳቸው እርም አያደርገውም። የተዉትን ማመስገናቸው መተዉ የተሻለ መሆኑን ያመለክታል። መከልከላቸው ደግሞ ሳያስፈልግ በችኮላ ለሚያደርገው፣ ወይም “ፈውሱ ከእሳቱ ከራሱ ነው” ብሎ ለሚያምን ነው። ብዙዎች የደረሱበት ማጠቃለያ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ከሰው ሥጋ ላይ የሚያርፈው የጋለ ብረት ልክ አልነበረውም። ምን ያህል እንደጋለ የሚለካ የለም፤ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚያቃጥል የሚያውቅ የለም፤ ሕመሙን የሚያደነዝዝም የለም። እንዲህ ያለውን ነገር የመጨረሻ አማራጭ ማድረግ ለሰው ማዘን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሺህ ዓመት ታሪክ በአጭሩ ሲነገር ለዚህ እሳት ልክ የማበጀት ታሪክ ነው።

የአንደሉሱ ሐኪም

ልክ ለማበጀት ከደከሙት ሰዎች መካከል በስፋት ጽፎ በማስቀመጥ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብኑል ዐባስ አዝ-ዘህራዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ936 አካባቢ በአንደሉስ፣ በቁርጡባ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በመዲነቱዝ-ዘህራ ተወለዱ። በ1013 አካባቢ አረፉ። “አት-ተስሪፍ” የተባለውን ባለ ሠላሳ ክፍል የሕክምና መጽሐፋቸውን ያጠናቀቁት በ1000 አካባቢ ነው። የመጨረሻው ሠላሳኛ ክፍል ሙሉ በሙሉ የቀዶ ሕክምና ነው። በውስጡም ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች በሥዕል ተቀምጠዋል። ሥዕሎቹ ለጌጥ የገቡ አልነበሩም፤ አንባቢው ወደ ቀጥቃጩ ይዞ ሄዶ “እንዲህ ያለ ሥራልኝ” ይል ዘንድ የቀረቡ ነበሩ።

ይህ ሠላሳኛ ክፍል በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ስለ መተኮስ ብቻ የሚናገር ሲሆን 56 ምዕራፎች አሉት። ከራስ ጠጉር ይጀምርና እስከ እግር ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ቅርጽ ያለው ብረት አለው። አንዱ እንደ ወይራ ፍሬ ድቡልቡል ነው፤ አንዱ እንደ ቢላዋ ስል ነው፤ ሌላው እንደ ሚስማር ቀጭን ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቁስሉ ለብረቱ ሳይሆን ብረቱ ለቁስሉ ተስተካክሎ ይሠራል ማለት ነው።

አዝ-ዘህራዊ ከወርቅና ከብረት የትኛው ይሻላል የሚለውንም ጥያቄ መርምረዋል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ሐኪሞች ወርቅን ስለ ክብሩ ይመርጡ ነበር። እርሳቸው ግን ብረትን መረጡ። ምክንያታቸው የእጅ ባለሙያ ምክንያት ነው። ወርቅ እሳት ውስጥ ሲገባ በመልኩ የተነሳ መጋሉ በደንብ አይለይም፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከመጠን ካለፈም ይቀልጣል። ብረት ግን ግለቱ ይታያል። የሚታይ ነገር ደግሞ ልክ ይበጅለታል።

ሌላም አስተውለዋል። በዚያ ዘመን በእሳት ፋንታ ሥጋን የሚበላ መድኃኒት በመቀባትም ይተኮስ ነበር። አዝ-ዘህራዊ እሳቱን መረጡ። እሳት የሚሠራው በተቀመጠበት ቦታ ነው፤ በአጠገቡ ያለውን የሚጎዳው በጥቂቱ ነው። የሚያቃጥለው መድኃኒት ግን ራቅ ወዳለ አካል ይዘልቅና ሌላ በሽታ ያመጣል፤ እስከ መግደልም ይደርሳል ሲሉ አስጠንቅቀዋል። የታመመውን ብቻ ነክቶ ጤነኛውን መተው የሚለው ሐሳብ ገና በዚያን ጊዜ በግልጽ ተቀምጦ ነበር።

“የመድኃኒት መጨረሻ መተኮስ ነው” የሚለውንም የሕዝብ አባባል በዝምታ አላለፉትም። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ሰው እንደሚረዳው አይደለም ይላሉ። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር የሚሞከር ነው ለማለት እንጂ፣ ከተኮሱ በኋላ ሌላ ሕክምና አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የተተኮሰ በሽታ ተመልሶ አይመጣም የሚሉትንም ተችተዋል።

ደም የሚያፈሰውን ሥር ለማቆምም አራት መንገዶች ዘርዝረዋል። በጋለ ብረት መተኮስ፣ ሥሩ በከፊል ብቻ ተቆርጦ እንደሆነ ጨርሶ መቁረጥ፣ በክር አጥብቆ ማሰርና ደም የሚያቆም መድኃኒት ማድረግ ናቸው። ይህን ያሉት ከንባብ ብቻ አይደለም። በመግቢያቸው ላይ አንድ ያልተማረ ሐኪም በሴት አንገት ላይ ያለን እብጠት ሲቀድ ሥሮችን ቆርጦ፣ ሴትዮዋ ደሟ ፈስሶ እፊቱ እንደሞተች ይናገራሉ። ስለዚህ የሰውን አካል አሠራር ያላጠና ሰው ቢላዋም ብረትም አይያዝ የሚል ምክር ሰጥተዋል። ስለ ካንሰርም እንዲሁ እውነቱን ተናግረዋል። ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘና ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከተቻለ ይሞከራል፤ ከቆየና ከገነነ ግን እርሳቸውም ፈውሰው እንደማያውቁ፣ ከእርሳቸው በፊትም የተሳካለት እንዳላዩ ጽፈዋል። ይህን ቃል ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

መጽሐፉ በ12ኛው መቶ ዘመን በጦሌጦላ ከተማ በጄራርድ ዘ ክሪሞና እጅ ወደ ላቲን ተመለሰ። በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1465 ደግሞ በአናጦሊያ የአማስያ ሐኪም የነበሩት ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ በቱርክኛ ባዘጋጁት የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የአተኳኮሱን ሥርዓት በቀለም ሥዕል አሳዩ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እናቅርብ። ይህን የምንናገረው “የኤሌክትሪክ ቢላዋን ሙስሊሞች ፈጠሩት” ለማለት አይደለም። አልፈጠሩትም። ያልሠራነውን ሠራን ማለት ዲናችን የማይፈቅደው ውሸት ነው። አዝ-ዘህራዊ ያስተማሩት ጥያቄውን ነው፦ ጤነኛውን ሳንጎዳ የታመመውን ብቻ እንዴት እናቃጥል? ደሙንስ እንዴት እናቁም? መልሱን ሌሎች ሰዎች በሌላ ዘመን ይዘው መጡ።

ኤሌክትሪክ ወደ ሕክምና ሲገባ

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነበር። የብረቱን ማጋያ ከፍም ወደ ባትሪ መለወጥ ነው። በቀጭን ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል። የዛሬ የቤት ምድጃችን የሚሠራው በዚሁ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሚደልዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1854 በዚህ ዘዴ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ሽቦው ቀዝቃዛ ሆኖ ወደ ቦታው ይገባል፤ ከዚያ ይግላል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም በመሠረቱ ያው የጋለ ብረት ነው። ኤሌክትሪኩ ሽቦውን ብቻ ያግላል፤ ወደ በሽተኛው ሰውነት አይገባም።

ሁለተኛው እርምጃ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ኤሌክትሪኩ ራሱ በሰው ሥጋ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ አድማጭ “ኤሌክትሪክ ሰውን አይገድልም እንዴ?” ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ነርቭና ጡንቻ ይህን ምልልስ ይከተሉታል። ስለዚህ ሰውነት ይንዘፈዘፋል፤ ልብም ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን በፓሪስ አርሴን ዳርሶንቫል የተባለ ተመራማሪ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ። ምልልሱ በሰከንድ ከአሥር ሺህ በላይ እየፈጠነ ሲሄድ ጡንቻው መኮማተሩን ይተዋል። ሰውየው ሙቀት እንጂ ንዝረት አይሰማውም። ነርቭ ለዚህ ፍጥነት መልስ ለመስጠት ጊዜ አያገኝምና።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1900 በዚያው በፓሪስ ጆሴፍ ሪቪዬር በአንድ በሽተኛ እጅ ላይ የነበረን የካንሰር ቁስል በኤሌክትሪክ ብልጭታ አከመ። በ1909 ዩጂን ዱዋየን በበሽተኛው ሰውነት ላይ ሁለተኛ ሰሌዳ ጨመረ፤ ከረንቱም ከላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥ ጠልቆ ሥጋውን ማርጋት ቻለ። በ1910 ኤድዊን ቢር በኒው ዮርክ በሽንት መውጫ በኩል ባስገባው ቀጭን መሣሪያ በፊኛ ውስጥ ያለን እጢ፣ ሆድ ሳይቀደድ፣ በኤሌክትሪክ አቃጠለ።

የሁለቱ ሰሌዳዎች ምስጢር እንዲህ ነው። በረመዷን ከመስጊድ የሚወጣውን ሕዝብ እናስብ። በሩ ሰፊ ከሆነ ሁሉም ሳይጋፋ ይወጣል። ያው ሕዝብ በአንዲት ጠባብ በር ሲያልፍ ግን ይጨናነቃል፤ ሙቀቱም እዚያ በሩ ላይ ነው። ከረንቱም እንዲሁ ነው። በሐኪሙ እጅ ያለው ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ከረንቱ እዚያ ይጨናነቅና ያቃጥላል። በበሽተኛው ጭን ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ደግሞ እንደ መዳፍ ሰፊ ስለሆነ ያው ከረንት ተበትኖ በሰላም ይወጣል። አንድ ከረንት ነው፤ በጠባቡ ቢላዋ ይሆናል፤ በሰፊው ምንም አያደርግም። የሚለየው ልኩ ነው።

ጥቅምት 1926፣ ቦስተን

ይሁን እንጂ ብዙ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች መሣሪያውን በጥርጣሬ ያዩት ነበር። እንዲቀበሉት ያደረጉት ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ዊልያም ቦቪ ሲሆን ሐኪም አልነበረም። የዕፅዋትን አካል ያጠና፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በካንሰር ምርምር ውስጥ የሚሠራ ሳይንቲስት ነበር። የሠራው መሣሪያ በአንድ ዓይነት ከረንት የሚቀድ፣ በሌላ ዓይነት ደግሞ ደም የሚያረጋ ነበር። ከረንቱ ሳያቋርጥ ሲመጣ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሕዋሱ ይፈነዳል፤ ያኔ ይቀዳል። እየተቋረጠ ሲመጣ ግን ሥጋው በዝግታ ይደርቅና የደም ሥሩ ይዘጋል።

ሁለተኛው ሰው በዘመኑ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ቁንጮ የነበረው ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ነው። የኩሺንግ ጠላት ደም ነበር። በጭንቅላት ውስጥ ደም ከፈሰሰ ሐኪሙ ምን እንደሚቆርጥ አያይም፤ በሽተኛውም በጠረጴዛው ላይ ያልፋል። ቀደም ሲል በ1911 ለዚሁ ሲል ጥቃቅን የብር መቆንጠጫዎች ሠርቶ ነበር። ግን ለሁሉም አልበቃውም። በ1926 የመስከረም ወር መጨረሻ ላይ ደም የበዛበት የጭንቅላት እጢ ያለበትን ሰው መሥራት ጀምሮ፣ ደሙ አልቆም ስላለው አቋርጦ ዘጋው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1926 እ.ኤ.አ.፣ ቦቪ መሣሪያውን ይዞ በቦስተን ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ተገኘ። ኩሺንግ እጢውን በኤሌክትሪኩ ጫፍ ቁራጭ በቁራጭ እየቀደደና ደሙን እያረጋ አወጣው። በሽተኛውም ዳነ።

ከዚያ በኋላ ኩሺንግ ያደረገው ነገር ብዙ የሚያስተምር ነው። ቀደም ሲል “አይቻልም” ብሎ ያሰናበታቸውን በሽተኞች መልሶ ጠራቸው። አንድ ሰው በ57 ዓመቱ፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ “ያኔ አልቻልኩም፤ አሁን ግን እንሞክር” ማለቱ ቀላል አይደለም። በ1928 ያገኘውን ውጤት ከችግሩ ጋር ጽፎ አወጣ። ከረንቱ መንገድ ስቶ በያዘው የብረት መሣሪያ በኩል ራሱን እንደመታውም አልደበቀም።

ቦቪ ግን ከመሣሪያው ሀብት አላገኘበትም። መብቱን ለአንድ ኩባንያ በአንድ ዶላር እንደሸጠው ይነገራል። በ1958 ሲሞት ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሐኪሞች መሣሪያውን በስሙ “ቦቪ” እያሉ ይጠሩታል። በእኛ አገር ሆስፒታሎች ደግሞ ዲያተርሚ ወይም ኮተሪ ሲባል እንሰማለን።

እሳቱ እሳት መሆኑን አልተወም

መሣሪያው አደጋ የለውም ብንል እውነቱን እንሸሽጋለን። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ማደንዘዣው ኤተር ነበር። ኤተር ደግሞ እንደ ቤንዚን ይነዳል። ብልጭታና ኤተር በአንድ ክፍል መገናኘታቸው አደገኛ ነበር። በ1956 የማይቀጣጠለው ሃሎቴን የተባለ ማደንዘዣ ሥራ ላይ ሲውል መሣሪያው በየሆስፒታሉ ለመስፋፋት በቃ። ዛሬም ቢሆን ቆዳ የተቀባበት አልኮል ሳይደርቅ ወይም ኦክስጅን በብዛት ባለበት ከተጠቀሙበት እሳት ሊነሳ ይችላል።

ሌላው አደጋ በጭን ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ተላቆ በትንሽ ጫፍ ብቻ ከነካ፣ ሰፊው በር ጠባብ ሆነ ማለት ነው፤ በሽተኛው ተኝቶ ሳለ ቆዳው ይቃጠላል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የወጡ መሣሪያዎች የሰሌዳውን አያያዝ ራሳቸው እየመረመሩ፣ ከላላ ይጮኻሉ፤ ሥራም ያቆማሉ። ለነርቭና ለጭንቅላት ደግሞ ጀምስ ግሪንዉድ በ1940፣ ቀጥሎም ሊዮናርድ ማሊስ በ1950ዎቹ እንደ ወረንጦ ባለ ሁለት ጫፍ መሣሪያ አዳበሩ። በዚህ ዓይነቱ ከረንቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ብቻ ያልፋል፤ በመካከል ከተያዘው ቁራሽ ሥጋ በስተቀር የቀረውን ሰውነት አይነካም። ልብን የሚያግዝ መሣሪያ በደረቱ የተቀበረለት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

እንግዲህ የታሪኩ መስመር ይህ ነው። ሰው በየዘመኑ አደጋውን እያየ፣ እየመዘገበና ልክ እያበጀለት መጥቷል።

ወደ እናታችን እንመለስ

በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች የማሕፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛነት የሚገኝ ነው። ይህ በሽታ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ የአላህ ችሮታ አለ፤ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ብዙ ጊዜ ለዓመታት እንደ ለውጥ ብቻ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ጊዜ አያምም፤ ደምም አያሳይም። ምርመራው ቀላል ነው። የማሕፀኑ በር አሴቲክ አሲድ በተባለው፣ በአቼቶ ውስጥ ባለው ፈሳሽ፣ ሲቀባ የተለወጠው ሥጋ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ሕክምናውም ብዙ ዓይነት አለው። በቅዝቃዜ ማድረቅ አንዱ ነው። በኤሌክትሪክ የጋለ ጫፍ ለአንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ማስነካት ሁለተኛው ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መመሪያ አውጥቶለታል። ሦስተኛው “ሊፕ” የሚባለው ነው። ቀለበት በመሰለች ቀጭን ሽቦ ውስጥ በሚያልፍ ፈጣን ከረንት የተለወጠውን ሥጋ ገፎ ማንሳት ነው። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ የሚያዝ እጅና እግር የለም። ማሕፀን አይወጣም። ለጥቂት ሳምንታት ፈሳሽ ወይም ትንሽ ደም ሊኖር ይችላል። ወደፊት መውለድ የምትፈልግ እህት ደግሞ ልጅ ያለጊዜው የመወለድ ዕድል በጥቂቱ ሊጨምር ስለሚችል ከሐኪሟ ጋር ትመካከር።

ለወንድማችን የምንለው ይህንን ነው። እናትህን አትቆጣቸው፤ “አላዋቂ” አትበላቸው። የጠቀሱት ሐዲስ እውነተኛ ነው፤ የሚያስታውሱት ሕመምም እውነተኛ ነው። ይልቅ አጠገባቸው ተቀመጥና የሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝን (ረ.ዐ.) ታሪክ ንገራቸው። የከለከሉት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ባስፈለገ ጊዜ በገዛ እጃቸው እንደተኮሱ ንገራቸው። የሸሪዓውን ብያኔ በአካባቢያችሁ ካሉ ዑለማኦች ጠይቁ። ከዚያም በልጅነታቸው አንገታቸው ላይ ያረፈው ብረትና ሐኪሟ የያዙት ቀጭን ሽቦ በስም ቢዛመዱም በልክ እንደማይገናኙ አስረዳቸው። ሴት ሐኪም እንድትሠራላቸው መጠየቅም ይቻላል፤ አያሳፍርም።

አዝ-ዘህራዊ ስለ ካንሰር የጻፉትን ቃል እንመለስበታለን ብለን ነበር። ከቆየና ከገነነ በኋላ ያዳነ አላየሁም ነበር ያሉት። በሺህ ዓመት ውስጥ መሣሪያው ሁሉ ተለወጠ፤ በጊዜ የመምጣት ጥቅም ግን አልተለወጠም። እናታችን ዛሬ ያሉት አዝ-ዘህራዊ “ይሞከራል” ካሉት ወገን፣ እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ ካለው ወገን ነው። ዛሬ በሽታቸው ካንሰር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሊሆን ይችላል። ያኔ ሐኪም “በኤሌክትሪክ እናነሳዋለን” የሚል ቀላል ቃል አይኖረውም።

እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። ስንቶቻችን ነን ለእናቶቻችን ጠባሳቸው ከየት እንደመጣ ጠይቀን የምናውቅ? ይህ ወንድማችን ጠይቋል፤ ስለዚህም የእምቢታቸውን ምክንያት አወቀ። ምክንያቱ የታወቀ እምቢታ ደግሞ መፍትሔ አለው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለእናታችንና ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። በእጃቸው ለሚያክሙትም ጥበቡንና እዝነቱን ይጨምርላቸው። አሚን።